የጠፋ የሙዚቃ ስብስብን ከኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ማስመለስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከድሬዳዋና ከሐረር ዲጄዎች፣ ሙዚቃ ቤቶችና ዘፈን ሰብሳቢዎች በብዛት የሚመጡ ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ይጀምራሉ።

ዲስኩን ስሰካው ኮምፒውተሩ አያየውም። ዘፈኖቼ ጠፍተዋል ማለት ነው?

ገና አልጠፉም፤ መጀመሪያ ኬብሉን ይጠርጥሩ። ትንንሾቹ ኤክስተርናል ዲስኮች ኃይል የሚያገኙት ከዩኤስቢው ብቻ ነው። የድሮው ዩኤስቢ 2 እስከ 500 ሚሊአምፒር፣ ዩኤስቢ 3 ደግሞ እስከ 900 ሚሊአምፒር ይሰጣል። ኬብሉ የላላ ከሆነ ወይም ብዙ ዕቃ በተሰካበት ማከፋፈያ በኩል ከተገናኘ ዲስኩ ለመዞር ይሞክርና አቅም ያጥረዋል፤ መብራቱ ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አያውቀውም። በሌላ ኬብል፣ ማከፋፈያውን ትተው በቀጥታ ኮምፒውተሩ ላይ፣ ከዚያም በሌላ ኮምፒውተር ይሞክሩት። ከግድግዳ መብራት የሚወስደው ትልቁ ዓይነት ከሆነ አዳፕተሩን ይፈትሹ። አብዛኞቹ 12 ቮልት ናቸው፤ ሆኖም ጀርባው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ በቤት ውስጥ የተገኘውን አዳፕተር ሁሉ አይሰኩበት፤ የዲስኩን ሰሌዳ ያቃጥላል።

ሲሰኩት መዳፍዎን በቀስታ ያስቀምጡበት። ጤነኛ ዲስክ ስስ ንዝረት ይሰጣል፣ ከዚያም ይረጋጋል። ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ ከሰሙ ግን ሙከራውን አቁመው ስለዚሁ ድምፅ ወደ ተጻፈው መልስ ይለፉ።

ፎልደሮቹ ሁሉ ወደ ሾርትከት ተቀይረዋል። ዘፈኖቹ የት ሄዱ?

የትም አልሄዱም። ከፍላሽ ወደ ፍላሽ፣ ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር የሚዛመተው የሾርትከት ቫይረስ ፋይሎቹን ይደብቅና በቦታቸው ተመሳሳይ ስም ያለው የሐሰት ምልክት ያስቀምጣል። ያንን ምልክት ሲጫኑ ቫይረሱን ራሱን ማስነሳትዎ ነው፤ ስለዚህ አይንኩት። የዲስኩን የተያዘ ቦታ ይመልከቱ፦ ውስጡ ባዶ መስሎ እያለ 600 ጊጋባይት ተይዟል ካለ ሙዚቃው እዚያው ተቀምጧል።

በዊንዶውስ የፋይል መመልከቻ የተደበቁ ፋይሎችን የሚያሳየውን ምርጫ ያብሩ፤ የሲስተም ፋይሎችን የሚደብቀውንም ያጥፉ። ብዙ ጊዜ ስም የሌለው አንድ ፎልደር ብቅ ይላል፤ ሁሉም ነገር እሱ ውስጥ ነው። የሙዚቃ ፋይሎቹን ብቻ ወደ ሌላ ጤነኛ ዲስክ ይገልብጡ፤ ቫይረሱን ማጽዳት ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

የሙዚቃ ማጫወቻው ፋይሉ አልተገኘም ይላል፤ ዲስኩን ስከፍተው ግን ዘፈኖቹ አሉ። ምንድን ነው?

ዊንዶውስ ለዲስኩ የሰጠው ፊደል ተቀይሯል። ማጫወቻዎችና የዲጄ ፕሮግራሞች እያንዳንዱን ዘፈን የሚያስታውሱት በሙሉ አድራሻው ነው፤ ትናንት «ኢ» የነበረው ዲስክ ዛሬ «ኤፍ» ከሆነ ሁሉም አድራሻ በአንድ ጊዜ ይሳሳታል። በዲስክ ማስተዳደሪያው ገብተው የቀድሞውን ፊደል ይመልሱለት። ዝርዝሩን አጥፍተው እንደ አዲስ አይጫኑ፤ ለዓመታት ያደራጁትን ቅደም ተከተልና ምልክት በገዛ እጅዎ ያጣሉ።

«ለመጠቀም ዲስኩን ፎርማት ያድርጉት» ይለኛል። ልታዘዘው?

አይታዘዙት። መልእክቱ የሚለው ዊንዶውስ የዲስኩን አደረጃጀት ማንበብ አልቻለም ብቻ ነው። ዲስኩ ከውጭ አገር ከመጣ ዘመድ የተገኘ ከሆነ በማክ ኮምፒውተር የተዘጋጀ ሊሆን ይችላል። ዊንዶውስ የማክን አደረጃጀት አያነብም፤ ዲስኩ ምንም ሳይሆን ፎርማት ይጠይቃል። ማክ ያለው ሰው ጋር ወስደው ቢሰኩት ሁሉም ነገር እንዳለ ይገኛል።

ሌላው ምክንያት መብራት ነው። ኮፒ እየተደረገ ሳለ መብራት ከጠፋ ወይም ዲስኩ በድንገት ከተነቀለ የፋይሎቹ መዝገብ በግማሽ ተጽፎ ይቀራል። ኤክስፋት የሚባለው አደረጃጀት እንደ ኤንቲኤፍኤስ የለውጥ መዝገብ ስለሌለው ለዚህ አደጋ የበለጠ የተጋለጠ ነው። በዚህ ጊዜ «ስህተቱን ላስተካክል» የሚለውን የዊንዶውስ መፈተሻም መጀመሪያ ላይ አያስኬዱ። ዲስኩ ላይ ይጽፋል፤ ሲብስም ዘፈኖችዎን ስም አልባ ቁርጥራጭ አድርጎ አዲስ ፎልደር ውስጥ ያጉራቸዋል። ማስተካከል የሚመጣው ሙዚቃው ከወጣ በኋላ ነው።

ፎልደሩን በስህተት አጠፋሁት፤ ዲስኩንም ፎርማት አድርጌዋለሁ። ይመለሳል?

ፋይል ሲሰረዝ ሙዚቃው ራሱ ወዲያው አይጠፋም። ከመጽሐፍ ማውጫ ላይ ርዕሱ ብቻ እንደ ተፋቀ ቁጠሩት፤ ገጾቹ ሌላ ነገር እስኪጻፍባቸው ድረስ ባሉበት ይቆያሉ። ፈጣን የሚባለው ፎርማትም የሚሠራው ይህንኑ ነው። ሙሉው ፎርማት ግን ከዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር በዜሮ ይሞላዋል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመለስ የለም። የትኛው እንደነበር ካላስታወሱ በወሰደው ጊዜ ይለዩት። ፈጣኑ በሰከንዶች ያልቃል፤ የ1 ቴራባይት ዲስክ ሙሉ ፎርማት ሰዓታት ይፈጃል።

በእኔ ግምት ብዙ ስብስብ የሚጠፋው ዲስኩ በተበላሸበት ቀን ሳይሆን በማግስቱ ነው። «ቅዳሜ ሠርግ አለብኝ፤ ለዛሬ ብቻ ጥቂት ዘፈን ልጫንበት» የሚል ዲጄ ያለችውን ተስፋ በራሱ እጅ ይደፍናታል፤ አዲሶቹ ዘፈኖች የሚጻፉት ባዶ በሚመስለው፣ የድሮዎቹ ባሉበት ቦታ ላይ ነውና። ዲስኩን ነቅለው ያስቀምጡት። የሚመለሰውን ፋይልም በምንም ምክንያት እዚያው ዲስክ ላይ አያስቀምጡ፤ ሌላ ባዶ ዲስክ ሳይያዝ ሥራው አይጀመርም።

ጊዜ ሲያገኙ ደግሞ ሌላ ቅጂ የት እንዳለ ያስቡ። በቴሌግራም የተላላካችሁት፣ የድሮ ስልክ ሚሞሪ፣ መኪና ውስጥ የተረሳ ፍላሽ፣ ዘፈን የጫነልዎት ሙዚቃ ቤት፣ አብሮ የሚሠራ ዲጄ፤ እነዚህን ሁሉ ይጠይቁ። እንደ ዓሊ ቢራ ያሉ የታወቁ ድምፃውያን ሥራዎች በኢንተርኔት ሞልተዋል፤ ለእነሱ ዲስክ ማስጨነቅ አያስፈልግም። ሌላ ቦታ የማይገኘው በራስዎ እጅ የተቀዳው ነው፦ በሐረር ጀጎል ግንብ ውስጥ በአንድ ቤት የተባለ ዚክሪ (መንፈሳዊ ዝማሬ)፣ የአያት መንዙማ፣ የአጎት ሠርግ። ጉልበትዎን ለዚያ ያቆዩ።

የትኛውን ፕሮግራም ልጠቀም?

በቅርቡ ለተሰረዘ ፋይል ሬኩቫ በቂ ነው፤ ነጻ ነው፣ መዝገቡ ካልተበላሸም ስሙን ይዞ ይመልሳል። ፓርቲሽኑ (የዲስኩ ክፍልፋይ) ከጠፋ ቴስትዲስክ፣ መዝገቡ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ የእሱ ወንድም ፎቶሬክ አሉ፤ ሁለቱም ነጻ ናቸው። መልካቸው ጥቁር ገጽ ላይ የተጻፈ ነጭ ጽሑፍ ስለሆነ ሰው ይሸሻቸዋል፤ ሥራቸው ግን ገንዘብ ከሚጠይቁት ብዙዎች አያንስም። ፎቶሬክ የሚፈልገውን የፋይል ዓይነት ዝርዝር ያሳይዎታል፤ የሁሉንም ምልክት አንስተው የሙዚቃውን ብቻ ይምረጡ፣ አለበለዚያ በሺህ የሚቆጠር የማይፈለግ ምስል ይቆልልብዎታል። ዋቭ የሚባለው የድምፅ ፋይል ዓይነት በዝርዝሩ ውስጥ በራሱ ስም የለም፤ «ሪፍ» የሚለው ስር ነው። ኤም4ኤ የሚባለው የድምፅ ፋይል ደግሞ «ሞቭ» ስር ነው። ይህንን ሳያውቁ ከካሴት የገለበጡትን ዋቭ ሁሉ ትተው የሚያልፉ አሉ።

ቀለል ያለ መልክ ከፈለጉ የዲኤምዲኢ ነጻ ቅጂ ከአንድ ፎልደር በአንድ ጊዜ እስከ 4,000 ፋይል ያወጣል። የተሰበረ ቁልፍ ያለው ባለ ክፍያ ፕሮግራም ከየትም አምጥተው አይጫኑ፤ የታመመ ዲስክ በተሰካበት ኮምፒውተር ላይ ቫይረስ መጋበዝ ነው።

ዘፈኖቹ ተመለሱ፤ ነገር ግን ስማቸው ሁሉ ቁጥር ሆነ። እንዴት ልለያቸው?

ፎቶሬክ መዝገቡን ስለማያነብ የፋይል ስም አያውቅም፤ ሙዚቃውን በቅርጹ ብቻ ለይቶ ያወጣል። ደግነቱ ኤምፒ3 ፋይል የዘፋኙን ስምና ርዕሱን በውስጡ ሊይዝ ይችላል። ኤምፒ3ታግ በሚባለው ፕሮግራም ሁሉንም በአንድ ጊዜ መርጠው ከውስጥ ያለውን መረጃ ወደ ፋይል ስም እንዲቀይር ይዘዙት። ለብዙ ሺህ ዘፈን የደቂቃዎች ሥራ ነው።

በአማርኛ የተጻፈው በጥያቄ ምልክት ብቻ ተሞልቶ ካገኙት፣ ቀድሞም በአሮጌው መንገድ የተቀመጠ ነበር ማለት ነው። የመጀመሪያው የኤምፒ3 መለያ በፋይሉ ጭራ ላይ ያለ 128 ባይት ብቻ ነበር፤ ለርዕስ 30 ፊደል ቦታ ሲኖረው ግዕዝን ጨርሶ አይቀበልም። የጥያቄ ምልክቱ የተጻፈው ያኔ ስለሆነ ከኋላው የተደበቀ ፊደል የለም፤ በከንቱ አይድከሙ። አዲሱ መለያ ግን ዩኒኮድን ስለሚያውቅ ፊደላችንን በደንብ ይይዛል፤ ስታስተካክሉ በእሱ ያስቀምጡ።

ምንም መለያ ለሌላቸው ሙዚክብሬይንዝ ፒካርድ አለ፤ ድምፁን ራሱ አዳምጦ ከትልቅ መዝገብ ጋር ያስተያያል። ለውጭ ዘፈን ድንቅ ነው፤ ለቆዩ የአገር ቤት ካሴቶች መዝገቡ ሳሳ ያለ ነው፤ በቤት ለተቀዳ ዚክሪ ደግሞ ምንም የለውም። ስለዚህ የራስዎን ቅጂዎች በርዝመት ይፈልጉ። ፋይሎቹን በጊዜ ርዝመታቸው ደርድሯቸው፦ ወደ 30 ወይም 45 ደቂቃ የሚጠጉት በአብዛኛው የካሴት አንድ ገጽ ናቸው። ዋቭ ከሆኑ በመጠንም ይታወቃሉ፤ በሲዲ ጥራት አንድ ደቂቃ 10 ሜጋባይት ያህል ስለሚወስድ የ30 ደቂቃ ገጽ 300 ሜጋባይት አካባቢ ይመዝናል። ከዚያ በኋላ ያለው የጆሮ ሥራ ነው። ለአንዲት አክስት ከቡና በኋላ የጆሮ ማዳመጫ ቢሰጧቸው ከየትኛውም ፕሮግራም ይልቅ ፈጥነው «ይሄማ የእገሌ ሠርግ ነው» ይላሉ።

አንዳንዱ ዘፈን መሃል ላይ ወደ ሌላ ዘፈን ይዘላል፤ አንዳንዱም አይከፈትም።

የሚዘለው ዲስኩ ላይ በተለያየ ቦታ ተቆራርጦ የተቀመጠ ዘፈን ነው። መዝገቡ ሲጠፋ ቁርጥራጮቹ የት እንደነበሩ የሚናገር የለም፤ ፕሮግራሙ ቀጥሎ ያገኘውን ይለጥፋል። ኤምፒ3 በጥቃቅን ክፍሎች የተሠራ ነው። በተለመደው የ44.1 ኪሎኸርዝ ቅጂ እያንዳንዱ ክፍል 26 ሚሊሰከንድ ያህል ስለሚይዝ፣ ጥቂቱ ቢበላሽ ማጫወቻው ዘሎት ይቀጥላል። ጥሩውን ክፍል ቆርጦ ማስቀረት ይቻላል።

ዋቭ ከሆነና አልከፈት ካለ ግንባሩ ላይ ያለው መግለጫ ተበላሽቶ ይሆናል። ኦዳሲቲ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም እንደ ጥሬ መረጃ አስገቡት፤ 16 ቢት፣ 44,100 ኸርዝ፣ ስቴሪዮ ብላችሁ ሞክሩ። ጩኸት ብቻ ከወጣ አንድ ባይት ወደፊት ገፍታችሁ ድገሙት። ድምፁ ከጩኸቱ ውስጥ በድንገት ጥርት ብሎ ሲወጣ ያስደስታል።

ኮፒው ይጀምርና ይቆማል፤ ዲስኩ በጣም ዘግይቷል።

የዲስኩ ገጽ አንዳንድ ቦታ መነበብ እያቃተው ነው። ክሪስታልዲስክኢንፎ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ሁኔታውን በቀለም ያሳያል፤ ቢጫ ወይም ቀይ ካለ በዊንዶውስ ኮፒ ማድረጉን ይተዉት። ዊንዶውስ ያቃተውን ቦታ ደጋግሞ ይደበድባል፤ የደከመው የማንበቢያ ጭንቅላት የሚሞተው በዚህ ጊዜ ነው።

ትክክለኛው መንገድ ዲስኩን እንዳለ ወደ እኩል ወይም ወደሚበልጥ ዲስክ መቅዳትና ፍለጋውን በቅጂው ላይ ማካሄድ ነው። ሊኑክስ በሚባለው የኮምፒውተር ሥርዓት የሚሠራው ዲዲሬስኪው የተባለ ፕሮግራም ለዚህ የተሠራ ነው። ጤነኛውን ቦታ በፍጥነት ያወጣል፣ አስቸጋሪውን ለመጨረሻ ያቆየዋል፣ የደረሰበትንም በማስታወሻ ፋይል ይመዘግባል። መብራት ቢጠፋ እንኳ በዚያው ማስታወሻ ካቆመበት ይቀጥላል፤ ማስታወሻውን ሳይሰጡት ግን እንዳይጀምሩ። በተቻለ መጠን ባትሪው ደህና የሆነ ላፕቶፕ ይጠቀሙ። የድሬዳዋ ሙቀትም አይናቅ፤ የብዙ ዲስኮች የመጨረሻ ወሰን 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፣ በቀትር በሩ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ለሰዓታት የሚሠራ ዲስክ ወደዚያ ይጠጋል። ማታ ይጀምሩት፣ ቬንቲሌተር ያዙሩበት፣ ጠረጴዛውን ማንም እንዳይነካው ያድርጉ።

ቀጭ ቀጭ ይላል። ፍሪዘር ውስጥ ካስቀመጥኩት ይሠራል ይባላል፤ እውነት ነው?

አያስቀምጡት። ከፍሪዘር የወጣ ዲስክ በድሬዳዋ አየር ላይ ወዲያው ያልበዋል፤ ያ ውሃ ደግሞ ውስጡ ገብቶ ገጹን ይጨርሰዋል። ቀጭታው አብዛኛውን ጊዜ የማንበቢያው ጭንቅላት ቦታውን ማግኘት ሲያቅተው የሚመጣ ነው። በሌላ ኬብል አንድ ጊዜ ይሞክሩ፤ ከቀጠለ ነቅለው ይተዉት። ፕሮግራም ለዚህ ምንም አይረዳም።

ክዳኑን ዊንጭ ይዞ የሚከፍት ጥገና ሠራተኛ ካጋጠመዎት ዲስክዎን ከእጁ ይቀበሉ። ጭንቅላቱ ከሚዞረው ገጽ በላይ የሚንሳፈፈው በናኖሜትር በሚቆጠር ከፍታ ነው፤ በዓይን የማትታይ የአቧራ ቅንጣት ለእሱ ቋጥኝ ናት። ይህ ሥራ የሚሠራው አየሩ በተጣራ ክፍል ውስጥ ብቻ ነው።

ጥገና ቤቱ ዲስኩን ከሳጥኑ አውጥቶ በሌላ ሳጥን ሰካው፤ ባዶ ነው አለኝ።

ሳጥኑን መቀየር ብዙ ጊዜ ይሠራል፤ የተበላሸው ዩኤስቢውን ወደ ዲስኩ የሚያገናኘው ትንሽ ሰሌዳ ሲሆን። ግን «ማይ ፓስፖርት» የሚባለውን የመሳሰሉ አንዳንድ ኤክስተርናል ዲስኮች የይለፍ ቃል ባይኖራቸውም እንኳ መረጃውን በራሳቸው ሰሌዳ ላይ ይመሰጥሩታል። ከሰሌዳው ሲለዩ የሚታየው ትርጉም የለሽ ዝርክርክ ነው፤ ያ ባዶ ማለት አይደለም። ዋናውን ሰሌዳና ሳጥን እንዳይጥሉት፣ ለሚቀጥለው ባለሙያም አብረው ይስጡ።

ውሃ ገብቶበታል። አድርቄ ልሰካው?

አይሰኩት፤ ፀሐይ ላይም አያስጡት። ውሃው ሲደርቅ ጭቃና ጨው ገጹ ላይ ይጋገራል። የደቻቱ ወንዝ በ1998 ዓ.ም. ክረምት ካደረሰው ጎርፍ ወዲህ ጥያቄው በድሬዳዋ እንግዳ አይደለም። እርጥብ እንዳለ በላስቲክ አሽገው ለባለሙያ ይላኩት።

እዚሁ ላሠራው ወይስ አዲስ አበባ ልላከው?

ሶፍትዌር ለሚፈታው ሁሉ ድሬዳዋ ወይም ሐረር ይበቃሉ። አዲስ አበባ የሚያስልከው ሜካኒካዊ ጉዳት ነው። የትም ይሁን ሦስት ነገር ይጠይቁ፦ መጀመሪያ ሙሉ ቅጂ ትወስዳላችሁ ወይ፣ የሚመለሰውን ዝርዝር ሳልከፍል አያለሁ ወይ፣ ክዳኑን ካስፈለገ የት ትከፍቱታላችሁ። ለመጀመሪያው «ምን ያስፈልጋል» የሚል መልስ ከመጣ አመስግነው ይውጡ።

መንገዱ ራሱ የሚያስፈራውን ያህል አይደለም። ከሐረር ሲወርዱ የደንገጎ ጠመዝማዛ ቢያንገላታውም ያልተሰካ ዲስክ ጭንቅላቱን ሰብስቦ ስለሚቆም ብዙ ይችላል፤ የሚጎዳው እየሠራ ሳለ የሚደርስበት ትንሽ ግጭት ነው። በስፖንጅ ጠቅልለው ከእጅዎ ሳይለዩት ይጓዙ፤ በአውቶቡስ ከሆነ ከጣሪያ ላይ ጭነት፣ በአውሮፕላን ከሆነ ከሻንጣ ክፍል ያርቁት።

በርካሽ የገዛሁት 2 ቴራባይት ዲስክ ላይ የጫንኩት ግማሹ አይከፈትም። ይመለሳል?

ስሙ እንጂ አቅሙ 2 ቴራባይት ካልሆነ አይመለስም። ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያም ይገዛ ከመርካቶ፣ አንዳንዱ ዕቃ ውስጡ ትንሽ ሚሞሪ ብቻ ይዞ ለኮምፒውተሩ ትልቅ ቁጥር እንዲናገር የተደረገ ነው። እውነተኛው ቦታ ሲሞላ የሚጨመረው ዘፈን በቀድሞው ላይ ይጻፋል ወይም የትም አይጻፍም፤ ስሙ ብቻ በዝርዝሩ ላይ ይቆያል። ያልተጻፈን ማንም አያስመልስም። ለወደፊቱ፣ ዲስክ እንደገዙ ሙዚቃ ሳይጭኑ በፊት ኤች2ቴስትደብሊው በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ከጫፍ እስከ ጫፍ ይፈትኑት።

መቼ ነው ተስፋ የምቆርጠው?

በላዩ ላይ ሌላ ነገር የተጻፈበት ዘፈን አይመለስም፤ እመልሳለሁ ለሚልዎት ብር አይቁጠሩ። የሚዞር ክፍል ከሌለው ኤስኤስዲ ዲስክ የተሰረዘም ብዙ ጊዜ እንደዚያው ነው። ዲስኩ የተሰረዘውን ቦታ በራሱ ጊዜ ስለሚያጸዳ፣ ከሚዞረው ሃርድ ዲስክ ይልቅ ዕድሉ በጣም ጠባብ ነው።

ከካሴት የተገለበጠ ከነበረ ግን ካሴቱን ይፈልጉ፤ ከደከመ ዲስክ ጋር ከመታገል ይልቅ እንደገና መገልበጥ ብዙ ጊዜ ይቀላል። የ60 ደቂቃ ካሴት የሚፈጀው አንድ ሰዓት ነው። ድምፁ ታፍኖ ወይም እየተንሳፈፈ ከወጣ ቴፑን አይፍረዱበት፤ ከመሃል ያለችውን ትንሽ የሱፍ ትራስ ይዩ። ማጣበቂያዋ በሙቀት ለቅቆ ወድቃ ይሆናል፤ ያኔ ቴፑ ማንበቢያውን በደንብ አይነካም። በዊንጭ የሚከፈት ሌላ ካሴት ገዝተው ሁለቱን ጥቅልሎች ወደዚያ ቢያዛውሯቸው፣ የማጫወቻውንም ራስ በአልኮል በተነከረ ጥጥ ቢጠርጉት፣ ድምፁ ይመለሳል።